ታሪኩን በድንጋይ ጢንዚዛ ላይ ያስጻፈ ንጉሥ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1390 ዓመት ገደማ በግብጽ ዙፋን ላይ አንድ ልጅ ተቀመጠ። አባቱ ራብዓዊ ቱትሞስ ገና በጎልማሳነቱ ስለ ሞተ፣ ልጁ የነገሠው የጨዋታ ዕድሜውን ሳይጨርስ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ውስጥ እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይገምታሉ። እናቱ ሙተምዊያ ትባል ነበር። ይህ ልጅ በታሪክ ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ተብሎ የሚታወቀው ፈርዖን ነው። ለ38 ዓመታት ያህል ገዛ፤ አገሩም በእርሱ ዘመን የበለጸገችውን ያህል የበለጸገችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዓባይ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ በጥንቷ የቴብስ ከተማ ፊት ለፊት፣ በሜዳ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ምስሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። እያንዳንዳቸው 18 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ሁለቱም የአሜንሆቴፕ ምስሎች ናቸው። ዛሬ ሉክሶር በምትባለው ከተማ የሚገኘውን የአሙንን ቤተ መቅደስ አብዛኛውን ክፍል ካሠሩት ነገሥታት አንዱ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ስለ ንጉሡ የወጣትነት ዘመን የሚነግሩን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በነገሠባቸው በመጀመሪያዎቹ 11 ዓመታት ማንን እንዳገባ፣ የት እንዳደነ፣ ምን እንዳስቆፈረ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከግዙፎቹ ምስሎች ዓይኑን አንሥቶ በእጅ መዳፍ ላይ ወደሚቀመጡ ትናንሽ የተቀረጹ ድንጋዮች መመለስ ይኖርበታል።

እነዚህ ድንጋዮች ስካራብ ይባላሉ። ስካራብ በጢንዚዛ መልክ የተቀረጸ ክታብ ነው። ጢንዚዛውም የከብት እበት እንደ ኳስ አድቦልቡሎ በኋላ እግሮቹ እየገፋ የሚያንከባልለው ጥቁር ፍጥረት ነው። ገጠር ያደገ ሁሉ በመንገድ ዳር አይቶት ያልፋል፤ ማንም ልብ ብሎ አይመለከተውም። የጥንት ግብጻውያን ግን አልናቁትም። ድቡልቡሉን ሲገፋ ባዩት ጊዜ ፀሐይን ከሰማይ ዳር እስከ ዳር የሚገፋት ኃይል ታሰባቸው። ከመሬት ውስጥ አዲስ ጢንዚዛ ሲወጣ ባዩ ጊዜ ደግሞ ያለ ወላጅ ራሱን በራሱ የሚፈጥር መሰላቸው። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ እንስቷ ከመሬት በታች ባዘጋጀችው እበት ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ጫጩቱም ያንን እየበላ ካደገ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። የጥንቶቹ ሰዎች ግን የሚያዩት የመጨረሻውን ብቻ ነበር። በጽሕፈታቸው የጢንዚዛው ሥዕል መሆንን ወይም መፈጠርን የሚያመለክት ሆነ። የማለዳዋን ፀሐይ አምላክም ኬፕሪ ብለው ጠርተው የጢንዚዛ መልክ ሰጡት።

ስለዚህ ሕያዋን ስካራብን በቀለበት ወይም በክር ይዘውት ይሄዱ፣ ሙታንም ይዘውት ይቀበሩ ነበር። በሙት ደረት ላይ የሚቀመጠው ተለቅ ያለው ዓይነት፣ ልብ በወዲያኛው ዓለም ፍርድ ፊት በባለቤቷ ላይ እንዳትመሰክር የሚማጠን ጽሑፍ ይቀረጽበታል። በተለመደው ትንሹ ስካራብ ሆድ ላይ ግን የሰው ስም፣ ማዕረግ ወይም የመልካም ምኞት ምልክት ይጻፋል፤ በእርጥብ ጭቃ ላይ ሲጫኑት ማኅተም ይሆናል።

አሠራሩን ስናስተውል የጠራቢዎቹ ችሎታ ያስደንቃል። ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት የሳሙና ድንጋይ የሚባለውን ለስላሳ ድንጋይ ነበር፤ በመዳብ ወይም በነሐስ መሣሪያ በቀላሉ ይቀረጻልና። ጠራቢው በመጀመሪያ ጀርባውን ያድቦለቡላል፤ ቀጥሎ ራሱንና የሁለቱን ክንፎች መለያ መሥመር ይጭራል፤ ከዚያም እግሮቹን በግራና በቀኝ ያወጣል። የክር ማስገቢያውን ቀዳዳ በደጋን ገመድ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ከራስ እስከ ጅራት ይበሳዋል። ሆዱን አስተካክሎ ፊደሎቹን ይቀርጽበታል። በመጨረሻም ሲተኮስ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚሆን ቅብ ቀብቶ በእቶን ውስጥ ያስገባዋል። በዚህ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ይሆናል፤ በጥፍር ይጫር የነበረው ድንጋይ በእሳቱ ኃይል ይጠነክርና በብረት እንኳ በቀላሉ የማይጫር ይሆናል። ጽሑፉ ለሺህ ዓመታት ሳይደመሰስ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር በማትሞላ ድንጋይ ላይ ይህን ሁሉ መሥራት ምን ያህል የእጅ ርጋታ እንደሚጠይቅ የእጅ ሥራ የሞከረ ይረዳዋል።

አሜንሆቴፕ ይህንን የቆየ ጥበብ ለአዲስ አገልግሎት አዋለው። ድንጋዩ ከ5 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲረዝም አደረገ፤ በተገኘውም ስፋት ላይ የንጉሡን ሥራ የሚያወራ ሙሉ ጽሑፍ አስቀረጸ። ይህን ያህል ትልቅ ስካራብ ማኅተም ሊሆን አይችልም፤ የሚነበብ ወረቀት እንጂ። ጽሑፎቹ አምስት ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱም በብዙ ቅጂ ተባዝቶ ለሹማምንትና ወደ ሩቅ አገሮች ተላከ። እስከ ዛሬ ከ200 በላይ የሚሆኑት ተገኝተዋል፤ ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ በደቡብ በሱዳን፣ አንዳንዶቹ በሰሜን በሶርያ ይገኛሉ። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ይህ የቤተ መንግሥቱ ወሬ መንገሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ጋዜጣ በማግሥቱ መጠቅለያ ሲሆን፣ የድንጋይ ጢንዚዛው ግን ክታብም ስለሆነ ማንም አይጥለውም።

አንደኛው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ጋብቻው ነው። ዓመቱ አልተጠቀሰም። ሆኖም በነገሠ በ2ኛው ዓመት በወጣው ሌላ ስካራብ ላይ የንግሥቲቱ ስም ስለሚገኝ ጋብቻው ከዚያ በፊት ወይም በዚያው ጊዜ እንደ ተፈጸመ እንረዳለን። እንግዲህ ሙሽራውም ሙሽራይቱም ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ሙሽራይቱ ቲዬ ትባላለች። ጽሑፉ የንጉሡን የማዕረግ ስሞች ከደረደረ በኋላ የእርሷን ስም ይጠራል፤ አባቷ ዩያ፣ እናቷ ቱያ እንደሚባሉ ይገልጻል፤ ከዚያም ግዛቱ በደቡብ እስከ ካሮይ፣ በሰሜን እስከ ናሃሪን የሚደርስ የኃያል ንጉሥ ሚስት መሆኗን ተናግሮ ያበቃል። ካሮይ በኑቢያ፣ ማለት በዛሬዋ ሱዳን ውስጥ፣ ናሃሪን ደግሞ ከሶርያ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው አገር ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ቀስ ብሎ ሊነበብ የሚገባው ነው። በግብጽ ሥርዓት የንጉሥ ዋና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የንጉሥ ልጅ ወይም የንጉሥ እኅት ነበረች። ቲዬ ግን የንጉሥ ዘር አልነበረችም። ወላጆቿ አኽሚም ከምትባል የክፍለ አገር ከተማ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በእርግጥ ተራ ድኾች አልነበሩም፤ ዩያ የንጉሡ የሠረገላ ፈረሶች አለቃና በአኽሚም ለሚመለከው ሚን ለተባለው አምላክ ካህን ነበር። ስካራቡ ግን ከእነዚህ ማዕረጎች አንዱንም አይጠቅስም። የአባት ስም፣ የእናት ስም፤ በቃ። የዘር ሐረጓን ከፍ ለማድረግ ምንም ቃል አልጨመረም። ይልቁንም ዘሯን ለሚጠይቅ ሁሉ ባሏ ማን እንደ ሆነ በማስታወቅ መልስ የሰጠ ይመስላል። ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ልዩ ልዩ አስተያየት አላቸው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን ስሞቹ ያለ ማዕረግ መቀመጣቸው ኩራት እንጂ እፍረት ያለበት አይመስለውም፤ የሚያፍር ሰው ያፈረበትን ስም በድንጋይ አስቀርጾ እስከ ሶርያ አይልክምና።

ሁለተኛው ስካራብ በ2ኛው የንግሥና ዓመት ስለ ተደረገ የዱር በሬዎች አደን ያወራል። መንጋ መታየቱ ለንጉሡ ተነገረው፤ ሌሊቱን በጀልባ ተጉዞ ማለዳ ደረሰ፤ ሠራዊቱ መንጋውን በአጥርና በጉድጓድ ከበበው። የተቆጠሩት 170 ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን 56 ገደለ። ከዚያም ፈረሶቹ እንዲያርፉ አራት ቀን ቆየና እንደገና ሊያድን ወጣ። ይህ የፈረሶቹ ዕረፍት በዚያ ሁሉ ውዳሴ መካከል ያለ ቦታው የገባ ቢመስልም እውነተኛ ቀንን የሚያስታውስ ነው፤ የደከመ ፈረስ የፈርዖንንም ትእዛዝ አይሰማም።

ሦስተኛው ስካራብ ከሁሉ ይበልጥ የተባዛው ነው። ንጉሡ ከ1ኛው እስከ 10ኛው ዓመት በገዛ ፍላጻዎቹ 102 አንበሶች መግደሉን ያበሥራል። ተማሪዎች ይህን ቁጥር ሲያነቡ የንጉሡን ዕድሜ ከፊታቸው ሊያስቀምጡ ይገባቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ላይ ፈርዖን ምናልባት አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። አዳኞች አብረውት ነበሩ፤ መንጋውን ያስከበበለት ሠራዊት አንበሳውንም ሳያስከብብለት አልቀረም። ስካራቡ ግን ስለ ረዳቶቹ አይናገርም። በእጅ ስፋት ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙ ነገር መተው አለበት፤ የተተወውን ማስተዋል ደግሞ የአንባቢው ፈንታ ነው። ይህም ስካራብ ከንጉሡ ስም ቀጥሎ የቲዬን ስም ይዟል።

በ10ኛው ዓመት ታላቅ ነገር ሆነ። በሰሜን የሚታኒ መንግሥት የሚባል ኃያል አገር ነበር፤ ግብጻውያን ናሃሪን የሚሉትም ይህንኑ ነው። በአሜንሆቴፕ አያቶች ዘመን ግብጽና ሚታኒ ደጋግመው ተዋግተዋል፤ በአባቱ ዘመን ግን ታረቁ፤ ዕርቁም በጋብቻ ታሰረ። አሁን ደግሞ የሚታኒው ንጉሥ ሹታርና ልጁን ጊሉኬፓን ለአሜንሆቴፕ ሚስት ትሆን ዘንድ ላካት። ከእርሷ ጋር 317 ሴቶች መጡ። አራተኛው ስካራብ ይህንን ያበሥራል።

የንጉሥ ልጅ ከነአጀቧ ስትመጣ የአኽሚሟ ሴት ከመንበሯ ዝቅ ትላለች ብሎ የጠበቀ ነበር ይሆናል። ስካራቡን ያነበበ ግን የጠበቀውን አላገኘም። ጽሑፉ የጊሉኬፓን ስም ከመጥራቱ በፊት ታላቋን ንግሥት ቲዬን ይጠራል፤ ዳግመኛም አባቷ ዩያ፣ እናቷ ቱያ እንደሚባሉ ያስታውሳል። ጊሉኬፓ የምትመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለንጉሡ እንደ ቀረበ ድንቅ ነገር ተቆጥራ ነው። የአዲሲቱን ሙሽራ መምጣት የሚያበሥር ደብዳቤ የነባሯን ሚስት ወላጆች ስም አስቀድሞ ሲጽፍ መልእክቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በሚታኒ ቤተ መንግሥት ይህ ድንጋይ ቢነበብ ኖሮ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም።

አምስተኛው ስካራብ የወጣው በ11ኛው ዓመት ነው። ንጉሡ ጃሩካ በምትባል በቲዬ ከተማ ለንግሥቲቱ ሐይቅ እንዲሠራ አዘዘ። ርዝመቱ 3,700 ክንድ ነበር፤ ይኸውም በዛሬው መለኪያ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው በጎርፉ ወራት፣ በ3ኛው ወር በ1ኛው ቀን ሲሆን፣ የሐይቁ መክፈቻ በዓል በ16ኛው ቀን ተከበረ። በ15 ቀን ይህን የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ መጨረስ ያስቸግራል። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚሉት ሥራው ቁፋሮ ሳይሆን ሰፊ መስክን በአፈር ግድብ ማጠር ሊሆን ይችላል። ወራቱም ለዚህ ይስማማል፤ በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ የዘነበው የክረምት ዝናብ ዓባይን ሞልቶ ግብጽ የሚደርስበት ጊዜ ነውና ውኃው ራሱ ገብቶ ይሞላዋል። በበዓሉ ቀን ንጉሡ በጀልባው ተቀምጦ በሐይቁ ላይ ቀዘፈ። ጀልባው የተሰየመው ብርሃኑ በሚያንጸባርቀው በአቴን፣ ማለት በፀሐይዋ ክብ አምላክ፣ ስም ነበር። ይህን ስም በልባችን እናቆየው።

ከዚህ በኋላ ስካራቦቹ ዝም ይላሉ። ንጉሡ ገና 27 ዓመታት ያህል ይገዛል፤ ከ11ኛው ዓመት በኋላ የተጻፈ እንዲህ ያለ ስካራብ ግን አልተገኘም። የቀረውን ታሪክ ከሌላ እንሰበስባለን። እ.ኤ.አ. በ1887 አማርና በተባለ ቦታ የተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎች ነገሥታት ወርቅ ሲለምኑት ያሳያሉ። የባቢሎን ንጉሥ የግብጽን ንጉሥ ልጅ በሚስትነት ሲጠይቅ፣ የግብጽ ንጉሥ ልጅ ለውጭ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ተሰጥታ አታውቅም የሚል መልስ እንዳገኘ ከእነዚሁ ደብዳቤዎች እንረዳለን። የሌሎችን ልጆች ይቀበላል፤ የራሱን ግን አይሰጥም። በኑቢያ፣ በሶሌብ ለራሱ፣ በሴዴንጋ ለቲዬ ቤተ መቅደስ አሠራ። በ30ኛው፣ በ34ኛውና በ37ኛው ዓመት የንግሥና በዓሉን በታላቅ ድምቀት አከበረ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት የሕመም ሳይሆኑ አልቀሩም። የእርሱ ነው የተባለው በድን ሲመረመር ጥርሶቹ ክፉኛ የተጎዱ ሆነው ተገኝተዋል። በ36ኛው ዓመት የሚታኒው ንጉሥ ቱሽራታ የነነዌዋን አምላክ የኢሽታርን ምስል ላከለት፤ ብዙዎች ለፈውስ ነው ይላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1352 ገደማ ሞተ። ቱሽራታ ከዚያ በኋላ ቅሬታውን የጻፈው ለአዲሱ ንጉሥ ብቻ አልነበረም፤ ለቲዬም ጻፈ። ሟቹ ቃል የገባለት የጥፍጥፍ ወርቅ ምስሎች ቀርተው በወርቅ የተለበጠ እንጨት ስለ ተላከለት፣ የባሏን ቃል ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለ አስታውሶ ለልጇ እንድትነግርለት ለመናት።

ልጇ አሜንሆቴፕ ራብዓዊ በኋላ ራሱን አኬናቴን ያሰኘው ንጉሥ ነው። ከአባቱ ጀልባ ስም ላይ የምናውቀውን አቴንን ከሁሉ በላይ አድርጎ የአሙንን ስም ከየሐውልቱ አስፋቀ። አሜንሆቴፕ ማለት አሙን ተደሰተ ማለት ስለሆነ መዶሻው የገዛ አባቱን ስም ሳይቀር ነካ። ሰዎች ፈርተው በየቤታቸው ካሉ ስካራቦች ላይ እንኳ ይህን ስም ፍቀው ተገኝተዋል። በብዙ እጅ ተበትነው በሩቅ አገር የነበሩት ግን አብዛኞቹ ሳይነኩ ቀሩ። ከሁለቱ ግዙፍ ምስሎች ጀርባ የነበረው የንጉሡ ቤተ መቅደስም በምድር መናወጥ ፈረሰ፤ ኋላ የመጡ ነገሥታት ድንጋዩን ለየራሳቸው ሕንጻ ወሰዱት። የእርሱ የነበረ አንድ ትልቅ የድንጋይ ጢንዚዛ ዛሬ በካርናክ በተቀደሰው ሐይቅ ዳር ቆሟል፤ ጎብኚዎች ይዞሩታል።

እ.ኤ.አ. በ1905 በነገሥታት ሸለቆ ውስጥ ያልተበረበረ ሊባል የሚችል መቃብር ተከፈተ። በውስጡ ሠረገላ፣ ወንበሮች፣ በወርቅ የተለበጡ ሣጥኖችና የአንድ ሽማግሌና የአንዲት አሮጊት በድኖች ነበሩ። በሣጥኖቹ ላይ የተጻፉትን ስሞች ያነበቡት ሰዎች እንግዳ አልሆኑባቸውም፤ ዩያና ቱያ የሚሉትን ከስካራቦቹ አስቀድመው ያውቋቸው ነበርና። ቀድሞ በ1898 በሌላ መቃብር ስም የሌለው የአንዲት ሴት በድን ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የዘር ምርመራ ያቺ ሴት የእነዚህ የሁለቱ ልጅ መሆኗን አረጋገጠ። ቲዬ ነበረች። የጋብቻው ስካራብ ይህን ከተናገረ 3,300 ዓመት አልፎታል።